የበዓል ሰሞን የሲኒማ ገቢንና የፊልም ኩባንያዎችን ውህደት እንዴት መተንበይ ይቻላል? ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኖቬምበርና ዲሴምበር በመጡ ቁጥር የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶችን ገቢ ለሚገምቱ፣ እንዲሁም አንዱ ስቱዲዮ ሌላውን ሊጠቀልል ነው የሚል ዜና ሲሰሙ መጨረሻውን አስቀድመው ለመናገር ለሚሞክሩ ጋዜጠኞች፣ የፊልም ዝግጅት አቅራቢዎችና የትንበያ ውድድር ተሳታፊዎች ነው። ሁለቱ ሥራዎች በመልክ ቢለያዩም የሚበላሹበት ቦታ አንድ ነው። ተንባዩ ስለ ፊልሙ ጥራት ወይም ስለ ገዢው ፍላጎት አብዝቶ ሲያስብ በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ገቢው ስንት ቀን እንደሚቆጠርና ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሳያጣራ ይቀራል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የምንነጋገርበት ገና ዲሴምበር 25 ቀን የሚውለው ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ነው። ሰንጠረዥዎን በኢትዮጵያ ቀን አያዘጋጁ፤ የዕለት ገቢ የሚያወጡት ተቋማት ሁሉ የሚጠቀሙት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ በአንድ ቀን መዛነፍ ብቻ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

ክፍል አንድ፦ የበዓል ገቢ

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በጽሑፍ ይወስኑ

ቁጥር ከመጻፍዎ በፊት አራት ነገሮችን ይጻፉ፦ የትኛው ገበያ፣ የትኞቹ ቀናት፣ የማን ሪፖርትና የትኛው ሪፖርት። «የሀገር ውስጥ ገቢ» ሲባል በኢንዱስትሪው ልማድ አሜሪካንና ካናዳን በአንድነት ያካትታል። የተለመደው የመክፈቻ ጊዜ ከዓርብ እስከ እሁድ ያሉት ሦስት ቀናት ሲሆን፣ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በሚውለው የታንክስጊቪንግ በዓል ግን ከረቡዕ እስከ እሁድ አምስት ቀናት ይቆጠራሉ።

የቀናቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2024 የታንክስጊቪንግ ሳምንት የተከፈተው «ሞአና 2» በአምስት ቀን 225.4 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገባ፣ የሦስቱ ቀናት ድርሻ ግን 139.8 ሚሊዮን ነበር። አንዱን ጠይቆ ሌላውን የመለሰ ሰው በ85 ሚሊዮን ዶላር ይሳሳታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስቱዲዮዎች እሁድ ጠዋት የሚያወጡት ቁጥር የእሁዱን ገቢ በግምት የጨመረ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የሚወጣው ሰኞ ወይም፣ ሰኞ የበዓል ቀን ከሆነ፣ በማግስቱ ነው። ትንበያዎ በየትኛው እንደሚመዘን አስቀድመው ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይመርምሩ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዲሴምበር 24 ሲኒማ ቤቶች ቀደም ብለው የሚዘጉበትና ሰው በቤቱ የሚሰበሰብበት ዕለት ስለሆነ ገቢው ይወድቃል፤ ዲሴምበር 25 ደግሞ ከቀትር በኋላ ያገግማል፤ ከዚያ እስከ አዲስ ዓመት ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ሰኞና ማክሰኞም እንደ ዕረፍት ቀን ይሸጣሉ። ስለዚህ ዲሴምበር 24 ቅዳሜ በዋለበት በ2022 የሳምንቱ መጨረሻ ዋነኛ ቀን ተበላ፤ ረቡዕ ቢውል ኖሮ የሚጎዳው ደካማ ቀን ብቻ ነበር።

እንዲህ ያድርጉ።

ሀ. ዲሴምበር 25 ከሚተነብዩለት ዓመት ጋር በተመሳሳይ የሳምንቱ ቀን የዋለባቸውን ዓመታት ይዘርዝሩ። ለምሳሌ በ2026 ዓርብ ስለሚውል ተመሳሳዮቹ 2009፣ 2015 እና 2020 ናቸው።

ለ. ገበያው በሌላ ምክንያት የተናጋባቸውን ዓመታት ያውጡ። በ2020 ብዙዎቹ ሲኒማ ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ስለነበር ለማነጻጸር አይበቃም።

ሐ. በቀሩት ዓመታት ከዲሴምበር 18 እስከ ጃንዋሪ 3 ያለውን የየዕለቱን ገቢ ቀድተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የሚፈልጉት መጠኑን ሳይሆን የኩርባውን ቅርጽ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ቀን ከቀደመው ቀን በስንት በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ።

የቀን መቁጠሪያው ግን ብቻውን እንደማይበቃ እነዚህ ሁለት ዓመታት ራሳቸው ያሳያሉ። በ2009 «አቫታር»፣ በ2015 ደግሞ «ስታር ዋርስ፦ ዘ ፎርስ አዌክንስ» ሁለቱም ዓርብ ዲሴምበር 18 ተከፈቱ፤ ለሁለቱም ገና በሁለተኛው ዓርብ ዋለ። የመጀመሪያው በ77 ሚሊዮን ዶላር ተከፍቶ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስት ቀናት 75.6 ሚሊዮን አስገባ፤ ከሞላ ጎደል አልቀነሰም። ሁለተኛው ግን በ248 ሚሊዮን ተከፍቶ ወደ 149 ሚሊዮን ወረደ፤ ይህም 40 በመቶ ገደማ ቅናሽ ነው። ልዩነቱን የሚፈታው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ ማነጻጸሪያ ፊልሞችን በተመልካች ዓይነት ይምረጡ

ከአምስት ያላነሱ ማነጻጸሪያዎችን ይያዙ፤ ሲመርጡም የመጀመሪያው መስፈርት ዘውግ ወይም ስቱዲዮ መሆን የለበትም። ሰው ፊልሙን ለማየት የሚቸኩል ነው ወይስ ቀኑ ሲመቸው የሚሄድ? የሚለውን ይጠይቁ። ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ አፍቃሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያጥለቀልቁና ከዚያ ይሳሳሉ። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ትምህርት ቤት እስኪዘጋና ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል።

በ2024 ዲሴምበር 20 በአንድ ቀን የተከፈቱትን ሁለት ፊልሞች ይመልከቱ። «ሶኒክ 3» በ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲከፈት «ሙፋሳ» በ35 ሚሊዮን ብቻ ስለተከፈተ ብዙዎች በዚያው ቀን ከስሯል ብለው ጻፉ። በመጨረሻ ግን «ሶኒክ 3» በ236 ሚሊዮን አካባቢ ሲቆም «ሙፋሳ» 254 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ። የመክፈቻው ደረጃ ተገልብጦ ነበር የተጠናቀቀው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያለፈው ዓመት የቅርብ ትዝታ ማነጻጸሪያዎን እንዳይመርጥልዎ ይጠንቀቁ። ዲዝኒ በታንክስጊቪንግ ሳምንት ያወጣቸው «ስትሬንጅ ወርልድ» በ2022 በአምስት ቀን ወደ 19 ሚሊዮን፣ «ዊሽ» በ2023 ወደ 32 ሚሊዮን ብቻ አስገብተው ነበር። ሁለቱም አዲስ ታሪክ ነበሩ፤ «ሞአና 2» ግን ቤተሰቡ በቤቱ ደጋግሞ ያየው ፊልም ቀጣይ ክፍል ነው። ከመከፈቱ በፊት ብዙዎቹ ግምቶች ከ120 እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር መካከል የቆዩት፣ እንደ እኔ ግምት፣ የእነዚያ ሁለት ዓመታት ጥላ ስላረፈባቸው ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ቁጥር ሳይሆን ስፋት ይጻፉ

ከማነጻጸሪያዎቹ መካከለኛውን ውሰዱ ቢባል ቀላል ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን ያስፈልጋል። ሦስት ቁጥሮችን ይጻፉ፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። ዝቅተኛውና ከፍተኛው ሲመረጡ ከአሥር ውጤቶች ስምንቱ በመካከላቸው እንዲወድቁ አድርጎ ነው። ሰው በተፈጥሮው ስፋቱን ያጠብበዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመጣልዎትን ስፋት በሁለቱም በኩል ከፍ ዝቅ ያድርጉት፣ በተለይም ወደ ላይ። የበዓል ገቢ ከታች ወለል አለው፤ ከላይ ግን ጣሪያው ሩቅ ነው።

ደረጃ 5፦ የዋዜማ ገቢ ሲወጣ ያሻሽሉ

ፊልሞች በይፋ ከመከፈታቸው በፊት በነበረው ምሽት የሚታዩበት የዋዜማ ማሳያ አለ፤ ገቢውም በማግስቱ ጠዋት ይፋ ይሆናልና በመጀመሪያው ቀን ገቢ ውስጥ ይደመራል። መክፈቻውን ለመገመት የማነጻጸሪያዎቹን የመክፈቻ ገቢ ለዋዜማ ገቢያቸው ያካፍሉና በተገኘው ቁጥር የአዲሱን ፊልም ዋዜማ ያባዙ።

ጥምርታው የተመልካቹን ዓይነት ራሱ ይነግርዎታል። «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ከ248 ሚሊዮኑ 57ቱን በዋዜማ ስላስገባ ጥምርታው 4.4 ገደማ ነው፤ ይህ የችኩል ተመልካች ምልክት ነው። በ2022 የወጣው ሁለተኛው የ«አቫታር» ክፍል በ17 ሚሊዮን ዋዜማ 134 ሚሊዮን ስላስገባ ጥምርታው 7.9 ነው። «ሙፋሳ» ደግሞ በ3.3 ሚሊዮን ዋዜማ ከ10 በላይ ደርሷል።

ማስጠንቀቂያ፦ በ2009 የዋዜማ ማሳያ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከቀትር በኋላ ይጀምራል። ስለዚህ የቆዩ ፊልሞችን የዋዜማ ጥምርታ ከአሁኖቹ ጋር አያነጻጽሩ። ለታንክስጊቪንግም ዋዜማው ማክሰኞ፣ የሚባዛውም ለአምስት ቀን ስለሆነ የተለየ ሰንጠረዥ ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ወደ ጠቅላላ ገቢ ያሸጋግሩ

የመክፈቻውን ሦስት ቀን በማባዣ (ጠቅላላ ገቢው የመክፈቻው ስንት እጥፍ እንደሚሆን በሚያሳየው ቁጥር) ያባዙ። በሌላ ወር ሦስት እጥፍ ጥሩ የሚባልበት ፊልም በዲሴምበር አጋማሽ ቢከፈት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ለመነሻ ያህል፦ አፍቃሪ የሚሽቀዳደምበት ፊልም ከ2.8 እስከ 3.9፣ ሁሉንም ዕድሜ የሚስብ ትልቅ ፊልም ከ5 እስከ 7፣ ትንሽ ተከፍቶ በተመልካች ወሬ የሚያድግ ቤተሰባዊ ፊልም ከ10 በላይ። በ2017 የወጣው «ዘ ግሬተስት ሾውማን» በ8.8 ሚሊዮን ዶላር ተከፍቶ 174 ሚሊዮን ደርሷል፤ ማባዣው 20 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህን እንደ መደበኛ አይውሰዱት፤ ከፍተኛውን ጣሪያዎን ለመወሰን ግን ያስቡት።

ሲኒማስኮር የተባለው ተቋም በመክፈቻው ምሽት ተመልካቾችን ጠይቆ የሚያወጣው ደረጃ ይረዳል፤ ሆኖም ከላይ ያነጻጸርናቸው የ2009ና የ2015 ፊልሞች ሁለቱም ተመሳሳይ ኤ አግኝተው በማባዣ እጅግ ተራርቀዋል። ዝቅተኛ ደረጃ መጥፎ ዜና ነው፤ ከፍተኛ ደረጃ ግን ለብቻው ምንም አያረጋግጥም።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

መክፈቻው ከስፋትዎ ውጪ ከወደቀ ማባዣውን ወዲያው አይለውጡ፤ መጀመሪያ የየቀኑን ቅርጽ ይመልከቱ። ቅዳሜው ከዓርቡ (ዋዜማውን ቀንሰው) ከፍ ካለ ፊልሙ ገና ተመልካቹን አላገኘም ማለት ነው፤ ማባዣው ሊጨምር ይችላል። ቅዳሜው ከወደቀ ችኩሉ ሄዶ አልቋል። በረዶ አውሎ ነፋስ ከመታ፣ በዲሴምበር 2009 እና በዲሴምበር 2022 እንደሆነው፣ የጠፋው ገቢ ከፊሉ በዕረፍቱ ቀናት ስለሚመለስ መክፈቻውን ዝቅ ሲያደርጉ ማባዣውን በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። ተፎካካሪ ፊልም ቀኑን ከቀየረ ግን ከደረጃ 2 ይጀምሩ፤ ማስተካከያ አይበቃውም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ከትኬት ገቢው ግማሽ ያህሉ የሚቀረው ለሲኒማ ቤቶች ነው። ስለ ገቢ ተንብየው ስለ ትርፍ አይናገሩ።

ክፍል ሁለት፦ የኩባንያዎች ውህደት

ደረጃ 7፦ ዜናው ያለበትን ደረጃ ይለዩ

ወሬ፣ ድርድር፣ የተፈረመ ስምምነት፣ የባለአክሲዮኖች ድምፅ፣ የተቆጣጣሪዎች ፈቃድ፣ መዝጊያ (ግዢው ተጠናቆ ኩባንያው ለገዢው የሚተላለፍበት)። ዜናው ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንዳለ ሳይጽፉ ዕድል አይመድቡ። የፓራማውንት ተቆጣጣሪ ባለድርሻ የነበረው ናሽናል አሙዝመንትስ ስካይዳንስ ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ስለ ፓራማውንት የሚያደርገውን ድርድር በጁን 2024 ሲያቋርጥ ብዙ ሰው ነገሩ አከተመ ብሎ ነበር፤ ስምምነቱ ግን ጁላይ 7 ተፈረመ። ፊርማም ቢሆን መጨረሻ አይደለም። በዲሴምበር 5፣ 2025 ኔትፍሊክስ የዋርነር ብራዘርስን ስቱዲዮና የስትሪሚንግ ክፍል በአንድ አክሲዮን 27.75 ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፤ በሦስተኛው ቀን ፓራማውንት ለባለአክሲዮኖቹ በቀጥታ 30 ዶላር አቀረበ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ዋጋዎች እንዳሉ ማወዳደር ስሕተት ነው። ፓራማውንት ዋጋውን ያቀረበው ለመላው ኩባንያ ነበር፤ በኔትፍሊክስ ስምምነት ግን የኬብል ጣቢያዎቹ ተነጥለው ለባለአክሲዮኖቹ ይቀሩ ነበር። ማንኛውም ሁለት ዋጋ ሲቀርብ «የሚገዛው ምንድን ነው?» የሚለውን መጀመሪያ ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ድምፁ በማን እጅ እንዳለ ያጣሩ

የኩባንያውን ዓመታዊ የባለአክሲዮኖች ሰነድ ይክፈቱና የድምፅ መብት ያላቸውን አክሲዮኖች ማን እንደያዘ ይፈልጉ። በፓራማውንት የሬድስቶን ቤተሰብ በናሽናል አሙዝመንትስ በኩል 77 በመቶ ገደማውን ድምፅ ይዞ ነበር። ሶኒና አፖሎ የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ በሜይ 2024 ያቀረቡት 26 ቢሊዮን ዶላር በቁጥር ትልቅ ቢሆንም፣ ውሳኔው የአንድ ቤተሰብ ስለነበር የዋጋው መጠን ብቻውን አልወሰነም።

ተቆጣጣሪ ባለድርሻ ከሌለ ዓይንዎን ወደ ቦርዱና ወደ ገዢው የራሱ አክሲዮን ይመልሱ። በ2014 የሩፐርት መርዶክ ፎክስ ለታይም ዋርነር 80 ቢሊዮን ዶላር ያህል አቅርቦ ቦርዱ እምቢ አለ፤ የፎክስ አክሲዮንም ወደቀ፤ በኦገስት ጥያቄው ተነሣ።

ደረጃ 9፦ የተቆጣጣሪዎችን ዝርዝር ያዘጋጁ

በአሜሪካ ትልቅ ግዢ ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመዝገብ አለበት፤ የተለመደው የመጀመሪያ የጥበቃ ጊዜ 30 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጨማሪ ሰነድ ከተጠየቀ ጉዳዩ ወራት ይወስዳል ብለው ይያዙ። ከዚያ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይጠይቁ።

ሀ. የሚሸጠው ኩባንያ የአየር ሞገድ ፈቃድ ያላቸው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሉት? ካሉት የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይገባበታል። ፓራማውንት ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን መረብ ስላለው የስካይዳንስ ግዢ የኮሚሽኑን ፈቃድ እስከ ጁላይ 24፣ 2025 ጠበቀ፤ በኦገስት 7 ተዘጋ።

ለ. ከሽያጩ ምን ተነጥሎ ቀርቷል? ዲዝኒ ፎክስን ሲገዛ የፎክስን ብሔራዊ የቴሌቪዥን መረብ አልወሰደም፤ ኤቢሲን የያዘ ኩባንያ ሁለተኛ ትልቅ መረብ እንዲይዝ ደንቡ አይፈቅድም ነበርና። ሻጭና ገዢ እንዲህ አስቀድመው ቆርጠው ሲመጡ ለፈቃዱ ተዘጋጅተዋል ማለት ስለሆነ ዕድሉን ከፍ ያድርጉ።

ሐ. ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ገበያ ይፎካከራሉ? ዲዝኒ ጁን 2018 ላይ የፍትሕ ሚኒስቴርን ይሁንታ ያገኘው 22 የአካባቢ የስፖርት ጣቢያዎችን ለመሸጥ ተስማምቶ ነው።

መ. በውጭ ሀገር የስንት መንግሥታት ፈቃድ ይፈልጋል? ያው የዲዝኒ ግዢ በዋሽንግተን ከተፈቀደ በኋላ በአውሮፓ፣ በብራዚልና በሜክሲኮ ቅድመ ሁኔታዎች ምክንያት እስከ ማርች 20፣ 2019 ቆይቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ «አይፎካከሩም፣ ስለዚህ ይፈቀዳል» የሚለው አስተሳሰብ በ2017 ብዙዎችን አሳስቷል። ስልክና ኢንተርኔት የሚሸጠው ኤቲ ኤንድ ቲ ታይም ዋርነርን ሲገዛ በቀጥታ ባይፎካከሩም የፍትሕ ሚኒስቴር ኖቬምበር 20፣ 2017 ከሰሰ። ኩባንያዎቹ ያሸነፉት ጁን 12፣ 2018 በፍርድ ቤት ነው። ትንበያዎ «ይከሰሳል ወይ?» እና «ይዘጋል ወይ?» የሚሉትን በሁለት የተለያዩ መስመሮች መያዝ አለበት።

ደረጃ 10፦ ቀኑን ለመገመት ከዚህ ቀደም ከሆነው ይነሡ

ከፊርማ እስከ መዝጊያ፦ አማዞንና ኤምጂኤም 10 ወር ገደማ፣ ዋርነርሚዲያና ዲስከቨሪ 11 ወር ገደማ፣ ስካይዳንስና ፓራማውንት 13 ወር፣ ዲዝኒና ፎክስ 15 ወር፣ ኤቲ ኤንድ ቲና ታይም ዋርነር 20 ወር ገደማ። ዓመት ሳይሞላ ይዘጋል የሚል ትንበያ ያለ ልዩ ምክንያት ከግማሽ በላይ ዕድል አይስጡ። ቀጥሎ የስምምነቱን ሰነድ ከፍተው ተዋዋዮቹ ሳይዘጉ ከቀሩ መውጣት የሚችሉበትን የመጨረሻ ቀን ይፈልጉ፤ የሚራዘም ከሆነም ስንት ጊዜ እንደሚራዘም ይመዝግቡ። ጠበቆቹ ራሳቸው የፈሩትን ጊዜ የሚያገኙት እዚያ ነው።

ደረጃ 11፦ ግምትዎን ከአክሲዮን ዋጋ ጋር ያመሳክሩ

የራስዎን ዕድል ከጻፉ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ዋጋ አይመልከቱ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አሁን ካለው ዋጋ ግዢው ቢፈርስ የሚወድቅበትን ዋጋ ይቀንሱ፤ ውጤቱን የቀረበው ዋጋ ከሚወድቅበት ዋጋ በሚበልጥበት መጠን ያካፍሉ። ለምሳሌ የቀረበው 30፣ ከዜናው በፊት የነበረው 20፣ የአሁኑ 27 ዶላር ቢሆን፣ 7 ለ10 ሲካፈል ገበያው 70 በመቶ ያህል ዕድል ሰጥቷል ማለት ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ በኦክቶበር 2016 ለአንድ አክሲዮን 107.50 ሲያቀርብ የታይም ዋርነር ዋጋ ከ90 ዶላር በታች መቆየቱ ገበያው ገና ከጅምሩ መንግሥትን እንደፈራ ያሳይ ነበር።

ዋጋው ከቀረበው በላይ ከሆነ ቀመሩ አይሠራም፤ ገበያው ሌላ ተጫራች እየጠበቀ ነው። ያኔ ጥያቄውን «ይዘጋል ወይ?» ከሚለው ወደ «በማን ይዘጋል?» ይለውጡት። በ2018 የኬብል ኩባንያው ኮምካስት ለፎክስ በአንድ አክሲዮን 35 ዶላር ሲያቀርብ ዲዝኒ በሳምንቱ ወደ 38 ዶላር ከፍ ያደረገበት ሁኔታ የዚህ ምሳሌ ነው።

ደረጃ 12፦ ይመዝግቡና ይመዝኑ

እያንዳንዱን ትንበያ ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ ሲቀይሩ የድሮውን አይሰርዙ። ለውህደት የሰጡትን ዕድል ከውጤቱ (ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0) ይቀንሱና ልዩነቱን በራሱ ያባዙ፦ 0.80 ብለው ከሆነ ቅጣቱ 0.04፣ ካልሆነ 0.64 ነው። ለፊልም ገቢ ደግሞ ውጤቶቹ በስፋትዎ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወደቁ ይቁጠሩ፤ ከአሥር ስምንት ጊዜ ካልሞላ ለሚቀጥለው በዓል ስፋቱን ይጨምሩ፤ አሥሩም ከገቡ ደግሞ ያጥብቡት። የተቀመጠው ቀን አልፎ ግዢው ገና በሒደት ላይ ከሆነ ትንበያው «አልሆነም» ተብሎ ይመዝገብ፤ በኋላ ቢዘጋም አዲስ መስመር ከፍተው እንጂ የቀድሞውን አርመው አይሁን።